ለካርቡራቶር የተላኩ ሽማግሎች

መቼ እንደነበረ ቁርጡን መናገር አልችልም። ሚስቴ በፍልሰታ ጾም ነው ትላለች። እኔ ግን አይመስለኝም፤ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በዚያ ቀን ትራም ላይ ፎርማጆ የሚሉት አይብ ያለበት ዳቦ ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጋሼ ደግሞ ጾም የሚገድፉ ሰው አይደሉም። ፍልሰታ የሚውለውም በነሐሴ ነው። በነሐሴ ሮም ውስጥ እንኳን መካኒክ ፋርማሲም በመከራ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የኮሮናው ጭምብል ከቀረ በኋላ፣ ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው ብለን እንለፈው። ሚስቴ ይህን ካነበበች ትቆጣ ይሆናል። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ትቆጣ።

ያን ጊዜ ኤስኲሊኖ ውስጥ አንድ ጣሊያን ሽማግሌ እጠብቅ ነበር። ባዳንቴ ይሉታል ሥራውን። ጠዋት ሄጄ አጣጥቤ፣ ቁርስ አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ምሳ አቅርቤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እሳቸው ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ እኔም ሰባን ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁ። አሳንሰር ስንገባ እኔ የእሳቸውን ክንድ እይዛለሁ፣ እሳቸው የእኔን ይይዛሉ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው አሳንሰሩ ብቻ ነው። ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ ሲኞሬ ነው የምላቸው።

ሲኞሬ ከሕንጻው ሥር ቦክስ የሚሉት የመኪና ማደሪያ ነበራቸው። እዚያ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት የአሜሪካ መኪና አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወርዳለን። ወንበር አደርግላቸዋለሁ። እሳቸው ተቀምጠው በከዘራቸው የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ያዩአትና የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቀስ ብለው መልሰው ይሸፍኗታል። የበሰለ ብርቱካን መልክ አላት፤ ከፊቷ እስከ ጅራቷ ሁለት ጥቁር መስመር ተሰምሮባታል። ኮፈኗ ብቻውን የእኔን አልጋ ያህላል። ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር ነው። "እኔ ይቺን ሳስነሳ የሰፈሩ ርግብ ሁሉ ከጣሪያ ይነሳ ነበር" ይሉኛል ሲኞሬ። ከቆመች ስንት ዘመኗ ነው ስላቸው፣ "በሊሬ ጊዜ ነው የቆመችው" ብለው ያልፉታል፤ ዩሮ ሳይመጣ ማለት ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው አባቴ የጭነት መኪና ላይ ረዳት አድርጎ ያስገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርቴ በሙሉ ከመኪና ሥር ተጋድሜ የተማርኩት ነው። እሱም ቢሆን ጠቅሞኛል። ያገራችን ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ። ሮም ስገባ ዳቦና ውሃ መጠየቅ የማልችል ሰው፣ ሞተር ከላይ እስከ ታች መዘርዘር እችል ነበር። ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ቢሮ ስቀርብ ግን ስለ ካንዴላ የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ቀን የሲኞሬ ልጅ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ሲያወራም አይቀመጥ፣ ጃኬቱንም አያወልቅ።

"ፓፓ፣ ቦክሱ ተሽጧል" አለ። "በወሩ መጨረሻ ቁልፉን አስረክባለሁ። መኪናዋ እስከዚያ በራሷ ሞተር መውጫውን ከወጣች ያንተው ናት፣ የፈለግክበት አቁማት። ካልወጣች ዴሞሊቶሬው መጥቶ ይወስዳታል።"

ዴሞሊቶሬ ማለት መኪና አራጅ ነው። ልጃቸው ሄዶ ምሳ ሳቀርብ ሲኞሬ ሾርባውን ወደ እኔ ገፉት። በማግስቱም ገፉት።

"ጨው በዛበት?" አልኳቸው።

"ጨው ምንም አላለም። አራጁ ሲመጣ እኔንም ደርቦ ይውሰደኝ።"

ሰውዬው ድሮም የሚበሉት የወፍ ያህል ነው። ሰንበት ሲል ሱሪያቸው በቀበቶ አልይዝ አለ። መኪናዋ ካልወጣች ሲኞሬም እንደማይሰነብቱ ገባኝ።

እንግዲህ ወርጄ ኮፈኗን ከፈትኩ። ካርቡራቶሯ የለም። በቦታው ጨርቅ ተወትፏል። ካርቡራቶር ማለት ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ዕቃ ነው። ረዳት ሆኜ የሠራሁለት ሾፌር "የመኪና ልቧ ካርቡራቶሯ ነው" ይለኝ ነበር፤ ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ባትሪው ይህንኑ ብሎኛል።

"ካርቡራቶሯ የት ሄደ?" አልኳቸው ሲኞሬን።

"ያ ሌባ ጋ ነው።"

ሌባ የሚሉት የድሮ መካኒካቸውን ነው። ሁለቱ አንድ ሰፈር አብረው ያደጉ ናቸው። አንድ ቀን ባር ውስጥ ሰው ባለበት ሲኞሬ፣ "መኪናዬን የሚያበርራት የእኔ እግር ነው እንጂ የማንም መፍቻ አይደለም" ብለው ተናገሩ። መካኒኩ ሰማ። በነጋታው ላጽዳው ብሎ ካርቡራቶሩን ፈታና ይዞ ሄደ። "እንግዲህ በእግሩ ይንዳት" አለ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሲኞሬ "እሱ ይምጣ" ይላሉ፣ መካኒኩ "እሱ ይምጣ" ይላል፣ መኪናዋ ሸራዋን ለብሳ ትጠብቃለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ በትራም ብዙም አይደለም።

ሌላ ካርቡራቶር ይገዛ አልኩ። ልጃቸው በስልኩ ፈልጎ፣ የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው አለ። ሲኞሬ ደግሞ "የራሴ እያለልኝ?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን እንኳ አላቆመችም።

"ሽማግሌ ላክበታ" አለች።

"ለካርቡራቶር?"

"ለእኔ ልከህ የለም? እኔ ከካርቡራቶር አንሳለሁ?"

ቀልዷን ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው ነገሩ ቀልድ አልመስል አለኝ። ሁለት ሰው "እሱ ይምጣ፣ እሱ ይምጣ" ተባብሎ ሲቆም፣ ሦስተኛ ሰው ካልሄደ ምን መላ አለው?

ሦስት ሆነን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ያገራችን ሰው ካፌ ውስጥ ተገናኘን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ያልኳችሁ የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ደረጃ ሲያጸዱ ኖረው ጉልበታቸው የተጎዳ፣ አፋቸው ግን ምንም ያልሆነ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ካገራችን ለትምህርት የመጡ የካቶሊክ ካህን ናቸው። ሚስቴ እሳቸው የሚኖሩበት ቤት ትሠራለችና እሷ ናት የለመነቻቸው። ገና ጎልማሳ ናቸው።

"አባ ለሽምግልና አልደረሱም" አልኩ ለጋሼ በጆሯቸው።

"ያልደረሰው ዕድሜያቸው ነው እንጂ ቀሚሳቸው ሽማግሌ ነው" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ልጅቷ የማን ዘር ናት?"

"የአሜሪካ።"

"ዕድሜዋስ?"

"ሃምሳ ሳያልፋት አይቀርም።"

"ቆማ ቀርታለች በለኛ።"

"ጋሼ፣ የምንጠይቀው ልጅቷን አይደለም። የሷን ዕቃ ነው።"

"ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ እሺ እስኪለን አንቀመጥም አይደል? እንደ ደንቡ?"

"እንደ ደንቡ።"

"ይሄ ጉልበት ግን ደንብ አያውቅም።"

"ሰውዬው ጨዋ ከሆነ ቶሎ ይመልሳል።"

"ካልሆነስ?"

አባ ጣልቃ ገብተው "እንጸልያለን" አሉ። ጋሼ "እርስዎ ይጸልዩ፣ የሚቆመው ግን የእኔ ጉልበት ነው" አሉ።

ጋሼና እኔ ነጠላችንን አጣፍተን፣ አባ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው ትራም ተሳፈርን። አንዲት ልጅ ለጋሼ ወንበር ለቀቀችላቸው። "ግራሲዬ ልጄ፣ ከአሁኑ ልለማመድ" ብለው ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው ሄዱ። ያን ፎርማጆ ያለበት ዳቦ የበሉት እንግዲህ ያኔ ነው።

የመካኒኩ ጋራዥ ከፖርታ ማጆሬ ወዲያ፣ በር ላይ አሮጌ ጎማ የተደረደረበት ጠባብ ቤት ነው። መካኒኩ ቆብ ያደረገ ደረቅ ያለ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው እኔ ላይ ነው፤ ከሲኞሬ ጋር ስሄድ መንገድ ላይ አይቶኝ ያውቃል። ቀጥሎ አባን አየ። መፍቻውን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቆቡን አወለቀ።

"መቼ?" አለኝ።

"ምኑ?"

"መቼ ሞተ?"

ለካ ቄስ ይዤ ስገባ ለመርዶ የመጣሁ መስሎታል። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም ደንግጬ "ኧረ አሉ፣ ዛሬ ምሳ ላይ እንኳ በሾርባው ሰድበውኛል" አልኩት።

ቆቡን መልሶ አደረገ። "ካለ ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ? እሱ ይምጣ።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአማርኛ፣ ልክ እንደ አገር ቤቱ፣ "ከሩቅ መጥተናል፤ የመጣነውም ለበጎ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለ አንድ ዕቃ አለ፤ ዕቃው ያለ ባለቤቱ፣ ባለቤቱም ያለ ዕቃው ሊኖሩ አልቻሉም" አሉ። እኔ በምችለው ጣሊያንኛ ገለበጥኩት። መካኒኩ አዳመጠ፣ ከዚያ ሦስት ወንበር ጎተተልን።

"ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አልኩ።

ነጫጭ ልብሳችንን አየና ወንበሮቹን በጨርቅ ጠረጋቸው። አሁንም ቆምን። ጋዜጣ አነጠፈባቸው። አሁንም ቆምን። በመጨረሻ አስረዳሁት፤ ባገራችን ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ የጠየቀው ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማፍረስ ነውር ነው።

ነገሩ ጣመው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። "እምቢ ካልኩስ?"

"እንቆማለን።"

"እስከ መቼ?"

"እርስዎ እሺ እስከሚሉን።"

"እንግዲያው ቁሙ" አለና እንደ መንሸራተቻ ያለ ጣውላ ላይ ተጋድሞ አንድ መኪና ሥር ገባ።

ቆምን። አባ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ደንበኛ ገባ፣ አየን፣ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር ያለውን መካኒክ ጠየቀው። "ሐውልቶች ናቸው" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ደንበኛው ራሱን ነቀነቀ። ሮም ውስጥ ሐውልት ምን ብርቅ ነው? ሥራውን አስረድቶ ሄደ። እኛ ቆምን። የመፍቻው ድምፅ ግን እየቆየ እየቆየ ዝም ይላል። ሰውዬው ከዚያ ሥር ሆኖ የሚያየው ጫማችንን ብቻ ነው፤ ጫማችንን እያየ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "እህቴን ስትጠይቅ የላክሃቸው ሽማግሎች ስንት ሰዓት ቆሙ?"

"ወዲያው ነው የተቀመጡት።"

"አባቴ ደግ ነበር" አሉና ወደ ጣሪያው አዩ።

ብዙም አልቆየ፣ የጋሼ ግራ ጫማ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ቅጠል፣ በኋላ እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ቁልቁል ሄዱ። እኔ አልደረስኩም። የደረሰው መካኒኩ ነው። ከሥር ሆኖ ጫማውን ሲጠብቅ ኖሯል፣ በጣውላው ተንሸራቶ ወጥቶ፣ ገና በጀርባው እንደተጋደመ አንዱን ወንበር በእግሩ ገፍቶ ከጋሼ ሥር አስገባው። ጋሼ ዱብ ብለው ጋዜጣው ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። "አስቀመጡን። እንግዲህ ፈቀዱ ማለት ነው።"

ገለበጥኩለት። መካኒኩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

"እኔ? ሰውዬው ሊወድቁ ነበር እኮ።"

"በለው" አሉኝ ጋሼ፣ "ሽማግሌ ሲወድቅ ወንበር የሚያቀርብ ሰው፣ ልቡ ከፈቀደ ቆይቷል።"

አባ ይህን ሲሰሙ፣ ነገሩ ሳይፈርስ ብለው መሰለኝ፣ ፈጠን ብለው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ሦስታችንም በጋዜጣ ላይ ተደርድረን አየነው። እሱም ተራ በተራ አየን። ከዚያ አንድ ነገር እያጉረመረመ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና የፓኔቶኔ ካርቶን ይዞ ተመለሰ፤ ያ ጣሊያኖች ለገና የሚበሉት ከፍ ያለ ኬክ የሚሸጥበት ነው። አባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "እግዜር ይስጥልን፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው" አሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ካርቡራቶሩ ነበር። በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሏል። ጣቴን አስነካሁት፤ ዘይቱ በቅርብ የተቀባ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቁጭ ያለ ዕቃ ዝገት አልነካውም። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ መፍቻዎቹ አዞረ።

"የምገጥመው እኔ ነኝ" አለ። "ደግሞ አንድም ቃል አላናግረውም።"

ቃሉን ጠበቀ። ቦክሱ ውስጥ ሲሠራ ሲኞሬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩታል፣ እኔ መሃል ቆሜ አመላልሳለሁ።

"ለሲኞሬህ ንገረው፣ ይህን ሽቦ እንዲህ ያሰረ አህያ ማን ነው?"

"ለመካኒኩ ንገረው፣ ያሰረው ራሱ ነው።"

ሁለት የሮም ልጆች፣ አስተርጓሚያቸው እኔ። ጎሚስታው ጎማዎቹን ለወጠ፣ የሸተተው ቤንዚን ተቀዳ፣ ፍሬኑ ታደሰ፣ ካንዴላዎቹን እኔ በእጄ አጸዳሁ። ስድቡ ግን እየረዘመ ሄደ፤ በመጨረሻ ሰለቸኝና "እኔ ጣሊያንኛዬ አልቋል፣ የቀረውን እናንተው ጨርሱት" ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መካኒኩ ወደ ሲኞሬ ሳያይ "ከስተሃል" አለ። ሲኞሬም "አንተ ደግሞ አርጅተሃል" አሉት። በዚያው ቀጠሉ።

ቁልፉ የሚሰጥበት ቀን ጠዋት ልጁ መጣ። ጋሼም ነጠላቸውን ለብሰው መጡ፤ "ያስታረቅኩትን ሳልመርቅ አልቀርም" ብለው መውጫው አናት ላይ ቆሙ። መካኒኩ መሪውን ያዘ፣ ሲኞሬን ደግፌ ጎኑ አስቀመጥኳቸው። ቁልፉ ሲዞር አሳለችና ዝም አለች። እንደገና አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ዝም። በሦስተኛው ተነሳች። አገሬ ላይ ብዙ ጭነት መኪና ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ምድር ቤት ያሉት መኪኖች ሁሉ እሪታቸውን ለቀቁ። የሕንጻው ሰው በሌሊት ልብሱ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ድመቷን ታቅፋ "ቴሬሞቶ ነው?" አለችኝ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏት ነው። "መኪና ናት" አልኳት። አላመነችኝም።

መውጫው ዳገት ነው። ግማሹ ላይ ስትደርስ ሞተሯ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ ሸርተት ስትል መካኒኩ ፍሬኑን ረገጠው። ልጁ ሰዓቱን አየ። እኔ ልገፋ ስራመድ ጋሼ ከላይ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ በራሷ ሞተር ነው ውሉ። ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ ይሰማል፤ ነገሩ ስለ ቾኩ፣ ለሞተሩ የሚገባውን አየር ስለሚቀንሰው እጀታ ነው።

"ቾኩን ሳበው።"

"መካኒኩ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

"መካኒኩ አንተ ነህ። መኪናዋን የማውቃት እኔ ነኝ። አሁን ሳበው፣ ቀስ ብለህ ርገጥ።"

መካኒኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳበው። ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ በጋሼ ጎን እንደ ነብር አልፋ ፀሐይ ላይ ወጣች። ርግቦቹም፣ ሲኞሬ አልዋሹም፣ ከጣሪያው ሁሉ ተነሱ።

ልጁ ቃሉን አላጠፈም፤ ራሱን ነቅንቆ ቁልፉን ሊያስረክብ ሄደ። ማደሪያ ስለሌላት መኪናዋ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ገባች፤ ጋሼ "ሙሽራ ወደ ወንድየው ቤት ነው የምትሄደው፣ ደንብ ነው" አሉ። ሲኞሬ የዚያን ቀን ምሳ አንድ ሳህን ፓስታ ጨርሰው ዳቦ በሱጎው ጠርገው በሉ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦክስ መውረድ ቀርቷል። ትራም ይዘን ጋራዡ እንሄዳለን፣ ሁለቱ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ በር ላይ ጎማው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በተከታዩ ዓመት ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሼን ከወጣቶቹ እኩል ሲሰግዱ አየኋቸው፤ ሲወድቁ ሲነሱ፣ ያ ጉልበት አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስንወጣ "ጋሼ፣ ያን ቀን እውነት ጉልበትዎ ነው የከዳዎት?" አልኳቸው።

"ጉልበቴን ጠይቀው" አሉኝና ጫማቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ሲኞሬ ለሰው ሁሉ መኪናዋን ያወጣት እኔ እንደሆንኩ ያወራሉ፤ መካኒኩ እሱ እንደሆነ ያወራል፤ ሚስቴም ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ ትላለች፣ እሷም አልዋሸች። ያን ወር ተደግፌ ያለፍኩት ግን በእሳቸው ነው፤ በሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ በጋሼ።